ያላየሁት ሕልም

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ጥቂት ነው፤ ስሕተት ብታገኙ እለፉት። ኃጢአቴን ግን አትለፉት።

ልጄ ሜሮንና ጓደኞቿ በሰፈራችን በስሎተርቫርት ባለው ትምህርት ቤታቸው ቴአትር ይሠሩ ነበር። የድሮ የእንግሊዞች ታሪክ ነው፤ ዳኛው ጉቦ ይበላል፣ መኳንንቱ በስብሰዋል፣ የተገደለ ሰው መንፈስ ደግሞ እየመጣ ልጁን «ደሜን መልስ» ይለዋል። «ሙት ሲያወራ ለማየት ነው እንዴ ከሥራ የምቀረው?» ብዬ ስቄባታለሁ። መንፈሱን የሚጫወተው ልጅ ሲወጣ ግን ሳቄ ደረቀ። የለበሰው የሟቹን ባሌን ጋቢ ነው። ሜሮን ከቁም ሳጥኔ አውጥታ ሰጥታው ኖሯል።

አጠገቤ የተቀመጠው ትልቁ ልጄ ዮናስ ክንዴን ጨመቀኝ። «እማዬ፣ አባዬ በሕልምሽ የመጣብሽ እንዲህ ሆኖ ነው?»

ዐይኔን ከጋቢው አልነቀልኩም።

«እኔ ታዲያ ምን እየጠበቅሁ ነው?» ብሎ ተነሥቶ ወጣ። ያኔ ገባኝ። ወዴት እንደሚሄድም አወቅሁ።

ምን አድርጌ ነው? ባሌ የጥገኝነት ጥያቄው ኔጋቲቭ፣ ማለት ውድቅ ሆኖ መጥቶበት፣ ዴን ሃግ ከተማ ሳለን ልቡ ቆሞ ሞተ። አስተርጓሚው በቀለ ጉቦ ይቀበላል ይባል ነበር፤ ባሌ ደግሞ አልሰጥም ብሎታል። ለስደተኛ መሥሪያ ቤቱ ሲያስተረጉም ቃሉን ያጣመመበት እሱ ነው አልኩ በልቤ። ማስረጃ የለኝም። ልቅሶ ቤቴ መጥቶ ሲያለቅስ ሳየው ግን አንጀቴ ነደደ። በማግስቱ ለለቀስተኛው «ባሌ በሕልሜ መጣ፤ የገደለኝ በቀለ ነው አለኝ» አልኩ። እኛ ዘንድ የሙትን ቃል ማን ይመረምራል? ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ ሰላምታ ነሣው፤ ሚስቱ ስትሞት እንኳ ቀባሪ አጣች። እኔም ቀረሁ። ሕልም አላየሁም። ዋሸሁ። ልጄንም በዚያው ሕልም አሳደግሁት፤ ባጠፋ ቁጥር «የአባትህ ደም ያይሃል» እለው ነበር። እናት ይህን ታጎርሳለች?

ዮናስን ተከትዬ በባቡር ሮተርዳም፣ ከዚያ በሜትሮ በቀለ የሚኖርበት ሆግቭሊት ደረስኩ። ዮናስ የሰውየው ደጃፍ ላይ ቆሟል፤ እጁ ጃኬቱ ውስጥ ነው። በሩ ተከፈተና ጋሽ በቀለ ብቅ አሉ። አርጅተዋል።

«አንተ! አባቴን ታስታውሰዋለህ?» አላቸው ዮናስ።

«ዮኒ!» ብዬ ጮህኩ። «ሕልሙን አላየሁም! አባትህ አልመጣም! የፈጠርኩት እኔ ነኝ!»

«አሁን ነው የምትዋሺው።»

«ከዋሸሁ የአባትህ አጥንት ይውጋኝ!»

ሽማግሌው አዩን፣ አዩን። «ጉቦ በልቻለሁ፣ ልጄ። የብዙ ሰው። የአባትህን ቃል ግን አላጣመምኩም።» ወደ እኔ ዞሩ። «ሚስቴን ብቻዬን ቀበርኳት።»

ዮናስ ከጃኬቱ ቢላዋ አውጥቶ ጣለ። ቤት ገብቶ ያነሣው የኔው የሽንኩርት ቢላዋ ነው። ጋሽ በቀለ እግር ላይ ወደቅሁ። ተነሺ አላሉኝም፤ ልክ ናቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ዮናስ እማዬ ብሎ አልጠራኝም። ባሌም እስከ ዛሬ አንድ ቀን እንኳ በሕልሜ መጥቶ አያውቅም። ሐዘን ነው ያናገረኝ ብዬ ማመካኘት እችል ነበር፤ አላመካኝም። ያን ቀን ግን ኒው ዌስት ሰፈር ካለው ቤታችን ከሜሮን ጋር ሦስታችንም ገባን፣ በሩን ቆለፍኩ። የልጄ እጅ ደም አልነካም። ደኅና ነን።