ለኮምፒውተሬ ያልሰጠሁት ጠበል

ውሃና መብራትን አንድ ሳጥን ውስጥ አስገባለሁ ስል ሞያሌ ላይ ያልሳቀብኝ ሰው አልነበረም። የጎረቤቴ ሆቴል ባለቤት፣ ጋሼ፣ ከሱቄ በር ላይ ቆመው፣ «ሰው የሚጠጣው ውሃ በአህያ እየመጣ፣ አንቺ ኮምፒውተር ታጠጫለሽ?» አሉኝ።

«አንዴ ጠጥቶ ዓመት የሚከርም ነው፣ ጋሼ። የእርስዎ እንግዶች ይብሳሉ።»

ሥራዬ የሠርግ ቪዲዮ ማቀናበር ነበር። ሱቄ በኬንያው ሞያሌ፣ ማንያታ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ናት፤ ጣሪያዋም ግድግዳዋም ቆርቆሮ። ረፋድ ላይ ቆርቆሮው መንጫጨት ሲጀምር ኮምፒውተሩ ይግላል፤ ቀትር ላይ የጀመርኩትን ሥራ እንደያዘ ድርግም ይላል። ባደግሁበት በደብረ ብርሃን ቢሆን መስኮት መክፈት ይበቃኝ ነበር። እዚህ በመስኮት የሚገባው አቧራና ተጨማሪ ሙቀት ነው።

ያን ሰሞን የአንዲት ሙሽራ ሠርግ በእጄ ነበር። ልጅቷ እሑድ ከባሏ ጋር ወደ ደቡብ አፍሪካ ልትሄድ ነው፤ እናቷ ፊልሙን አስይዘው ሊሸኟት ፈልገዋል። «እስከ ቅዳሜ ካልደረሰ ድንበር ተሻግሬ ለዚያ ልጅ እሰጠዋለሁ» አሉኝ። ያ ልጅ በኢትዮጵያው ወገን እንደኔው የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ነው፤ አየር ማቀዝቀዣም አስገብቷል። አንድ ሠርግ ከሄደለት ሌላውም ይከተላል፤ ሱቄን መዝጋቴ ነው።

ኮምፒውተሩን በቱቦ በሚዞር ውሃ አቀዝቅዝልኝ ብዬ የጠራሁት ፉንዲ፣ እዚህ ጠጋኝን ሁሉ እንዲያ ነው የምንጠራው፣ «ማማ፣ ማጂ ና ስቲማ? ውሃና መብራት? እኔ አልነካውም!» ብሎ ሄደ።

እሺ፣ እኔ እነካዋለሁ።

መንገዱ አስፋልት ከለበሰ ወዲህ ከናይሮቢ የሚላክ ዕቃ ሳይሰበር ይደርሳል። ራዲያተሩን፣ ፓምፑንና ቱቦውን በአውቶቡስ አስመጣሁ። በስመ አብ ብዬ ሳጥኑን ፈታሁ፤ ውሃው የሚያልፍበትን የመዳብ ሳህን ከሁሉ በሚግለው ፕሮሰሰር ላይ አሰርኩ፤ ቱቦውን በምላጭ ቆርጬ አገናኘሁ። የጉድጓድ ውሃችን ድስት እንኳ ነጭ ያለብሳል። ስለዚህ የመኪና ባትሪ ላይ የሚጨመረውን የተጣራ ውሃ ገዛሁ፤ ባለሱቁ አሲዱን እንዳይሰጠኝ ጽሑፉን ደግሜ አነበብኩ።

ልሞላ ስል የሙሽራዋ እናት ጠርሙስ ይዘው ገቡ።

«ጠበል ነው። ይኼን ጨምሪበት፣ ልጄ።»

«ጠበል ለሰው ነው፣ እናቴ። ብረት ምን ኃጢአት አለበት?»

«ጠበል እምቢ ትያለሽ? አንቺ? ቅዳሴ የማይቀርሽ ሰው?»

በዕድሜዬ ጠበል እምቢ ብዬ አላውቅም። ግን ጠበል ቱቦ ውስጥ ተዘግቶበት ዓመት የሚሽከረከር ነገር አይደለም፤ ማሽኑንም ማዕድን ያለበት ውሃ ይደፍነዋል። ጠርሙሱን ተቀበልኳቸው። «ነዶ ያለቀው የኔ ልብ ነው» አልኩና፣ ረቡዕ ስለነበር በጾም አፌ፣ እዚያው ቆሜ ጠጣሁት። ለማሽኑ የባትሪውን ውሃ ሞላሁለት። እናትየው አማትበው ወጡ።

ከዚያ ሌላውን ሁሉ ከመብራት ነቅዬ ፓምፑን ብቻ አስነሣሁ፤ ከሥሩ ነጭ ወረቀት አነጠፍኩ። የሚያፈስ ካለ ወረቀቱ ይናገራል። አመሻሽ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል እርጥበት ታየችበት። ጋሼ ከኔ ቀድመው አዩዋት።

«አላልኩሽም?»

«ታዲያ ወረቀቱን ያነጠፍኩት ለጌጥ ነው እንዴ?»

ቱቦው ራዲያተሩን የሚይዝበት ላይ ጎማዋን ሳላስገባ ነበር ያጠበቅሁት። ፈትቼ አስገባኋት፤ አዲስ ወረቀት አንጥፌ እስከ ማግስቱ ተውኩት። ደረቅ ሆኖ ጠበቀኝ።

ጠዋት በብርዱ ማብራት እችል ነበር። አላበራሁም። ቀትርን ጠበቅሁ፣ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩ፣ ያዩኝ ዘንድ። ጋሼ ለመሸሽ እንዲመቻቸው አንድ እግራቸውን ደጅ አስቀርተው ቆሙ። ቆርቆሮው ተንጫጫ፣ ላቤ አገጬ ላይ ደረሰ፤ ኮምፒውተሩ ግን እየሠራ ዋለ። ጋሼ ሁለተኛውን እግራቸውን አስገቡ።

ቅዳሜ እናትየው ልጃቸው ስትጨፍር ስክሪኑ ላይ አይተው አለቀሱ። እንባቸውን ሳይጠርጉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «እውነቱን ንገሪኝ፣ ከጠበሉ ትንሽ ጣል አድርገሽበታል፣ አይደል?»

«አንዲት ጠብታ አላገኘም፣ እናቴ» አልኩና ዲስኩን በፌስታል ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። «ድንበር ከተሻገሩ ለዚያ ልጅ ሰላም ይበሉልኝ።»