ወሬ የሚወድ ድንክ ፈረስ

ድንክ ፈረስ ምን ያደርጋል የሚል ሰው ካለ ጥይት የሚባለውን አላየም ማለት ነው። ቁመቱ ከበርሜል ብዙም አይበልጥም። ጉልበቱ ግን ጋሪውን፣ በጋሪው ላይ ያለውን ዕቃና ዕቃውን የያዘውን ሰው አንድ ላይ ይዞ ይጠፋል።

የጥይት እመቤት ልብስ ሰፊዋ ናት። ሰፈሩ ያወጣላት ስም ሬዲዮ ነው፤ ሬዲዮ እንኳ ማጥፊያ አለው እንጂ! አናጢው ባሏ ደግሞ ሁልጊዜ አፉ ውስጥ ምስማር እንደያዘ ሰው ዝም ይላል። እሱ የሠራውን በርጩማ በእጅ ጋሪ እየገፋ ለደንበኛ ሲያደርስ ኖሮ በመጨረሻ ወገቡ ተያዘ። ቢቸግራቸው ያላቸውን አራግፈው ጥይትን ገዙ። ትንሽ ስለሆነ ለሰው የሚታዘዝ መስሏቸው ነበር፤ ምስኪኖች!

በመጀመሪያው ቀን አናጢው የልጓሙን ዛብ በሁለት እጁ ጨምድዶ፣ ትንፋሹን ውጦ ወጣ። እሱ ሲስብ ፈረሱም ሳበ። አንዲት የላስቲክ ከረጢት በነፋስ ብትነሳ ጥይት ሽምጥ ጋለበ፤ ዋናው መንገድ ላይ የበርጩማ ዝናብ ዘነበ። በአንድ ሱቅ ደጃፍ ሲያልፉ ደግሞ አንድ ትሪ እንቁላል ድምጥማጡ ጠፋ። ባለሱቁ፣ ሌላ ተራ ባለሱቅ ቢሆን ምናለበት፣ የሰፈሩ ሊቀመንበር ነው።

«ይሄ አውሬ እንቁላሌን ፈጀ!» አለ። «ከሰፈር ይውጣልኝ!»

በማግስቱ ሬዲዮ ዛቡን ተቀበለች። አጠገቧ ለተቀመጠችው ጎረቤት የዳቦ ጋጋሪውንና የአማቱን ጠብ እያወራች ስትሄድ፣ የጥይት ጆሮ ወደ ኋላ ዞረ። እርምጃውም ረገብ አለ። አፏን ለመጥረግ ዝም ስትል ጆሮው ወደ ፊት ተቀሰረ፤ ጋሪው ተነቀለ! ጠቡን ቀጠለች፤ ረገበ።

«ዛብ እንደ ስፌት መኪና ክር ነው፤» አለች ለባሏ ማታ። «ካጠበቅከው ይበጠሳል፣ ከለቀቅከው ይተበተባል። ሳወራ እጄ ይላላል። ዝም ስል ሳላውቀው ይጨብጣል፤ እሱም ይደነግጣል።»

«እህም» አለ አናጢው። ለእሱ ረጅም ንግግር ነው።

ሊቀመንበሩ ግን ፈረሱ ተገራ ቢባልም አልረካም። «ቅዳሜ ራሴ እሳፈራለሁ። ወፍጮ ቤት ደርሰን እንመለሳለን። አንዴ ከጋለበ በዚያው ገበያ ይወጣል!» ጥይት ከተሸጠ አናጢው ወደ እጅ ጋሪው ይመለሳል ማለት ነው፤ በዚያ ወገቡ!

ቅዳሜ ሰፈሩ በሙሉ ደጅ ወጣ። ከሰፈር ወጥተው ወደ ወፍጮ ቤቱ ሲሄዱ ጉዞው እንደ ቅቤ የለሰለሰ ነበር። ሬዲዮ የዳቦ ጋጋሪውን፣ የፀጉር አስተካካዩን፣ የቤት አከራይዋን ጉድ ዘረገፈች፤ ሊቀመንበሩ እንኳ «ወይ ጉድ! ከዚያስ?» ይል ነበር።

ችግሩ መመለሻው ላይ መጣ። የወሬው ባለቤቶች በሙሉ መንገድ ዳር ቆመው እጃቸውን ያውለበልባሉ! ፊት ለፊታቸው ምን ይባላል? ሬዲዮ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለች። ይኼኔ ብረታ ብረት ቤቱ ደጅ አንድ ቆርቆሮ ጓጓጓ ብሎ ወደቀ።

ጥይት ተወነጨፈ። ሊቀመንበሩ የጋሪውን ጠርዝ አቀፈ።

«አውሪ እንጂ! ምን ሆነሽ ነው?»

«አለቀብኝ፣ ጋሼ!»

«አንቺ ወሬ ያልቅብሻል? የፈለግሽውን አውሪ! የእኔንም ቢሆን!»

«አንድ የእርስዎ ሱሪ አለ፤» አለች እየተንገጫገጨች። «ግን አላወራውም። የደንበኛ ልብስ ገመና ነው። የሰው ስፌት አውጥቼ አላውቅም። ከፈለጉ ራስዎ ያውሩት!»

የሊቀመንበሩ ፊት አመድ መሰለ። ያ ሱሪ ከኋላው ተተርትሮ፣ አስኳል ደርቆበት፣ በሚስቱ እጅ ሬዲዮ ዘንድ መጥቶ ነበር። ጋሪው የፍራፍሬ ቤቱን ጥግ በአንድ ጎማ ታጠፈ።

«እንቁላሉ...» አለ ሊቀመንበሩ።

የጥይት አንድ ጆሮ ዞረ።

«ጮክ ይበሉ፣ ጋሼ! እየሰማ ነው!»

«እንቁላሉን ፈረሱ አልነካውም! ሲመጣ ሳየው ደንግጬ ወደ ኋላ ሄድኩና... ተቀመጥኩበት! እኔ ነኝ የተቀመጥኩበት! ሱሪዬም ተቀደደ!»

ሁለተኛው ጆሮ ዞረ። ሬዲዮ ሳቋ መጣ፤ ስትስቅ እጇ ላላ፤ ሳብ፣ ለቀቅ፣ ሳብ፣ ለቀቅ። ሽምጡ ሶምሶማ፣ ሶምሶማው እርምጃ ሆነ። ሰፈሩ ከጋሪው ጎን እየሮጠ ያዳምጣል።

«ከዚያስ፣ ጋሼ?» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

«ከዚያማ ሚስቴ ገረፈችኝ ማለት ይቀላል!» አለ ሊቀመንበሩ፤ አንዴ ከተዋረዱ አይቀር ብሎ ይሁን ወይ ወሬው ጥሞት፣ እስከ አናጢው ደጅ ድረስ አላቋረጠም።

ደጃፉ ላይ አናጢው ወገቡን ይዞ ቆሟል። ሊቀመንበሩ ወረደ። ጥይት አፍንጫውን ደረቱ ላይ ለጠፈበት፤ ይቀጥል እንጂ፣ አላለቀም እንደማለት።

«ጋልቧል፤» አለ ሊቀመንበሩ።

አናጢው ወደ ጥይት አንድ እርምጃ ተራመደ።

«ግን ቆሟል፤» ሲል ቀጠለ ሊቀመንበሩ። «ደግሞ ያለ ጥፋቱ ነው የተከሰሰው። ይቆይ።» አናጢው አንገቱን ደፍቶ ዓይኑን ጠረገ። ሊቀመንበሩ ወደ ሬዲዮ ጠጋ ብሎ ድምፁን ቀነሰ። «አንቺ... ያ ሱሪ ግን ተሰፍቶ አልቋል?»

«የትኛው ሱሪ?» አለች ሬዲዮ።