የእናቴ የጅብ ሽንኩርት

ልጅ ሳለሁ፣ ፀሐይ ወደ ዓባይ በረሃ አዘቅዝቃ የመካነ ሰላም ብርድ ጆሮ መቆንጠጥ ሲጀምር፣ ከአባቴ የቆዳ መጋዘን ደጃፍ ፍም ዙሪያ ተኮልኩለን አያ ይመር ሰው ሲገድሉ እንሰማ ነበር። የሚገድሉት በተረት ነው። በእሳቸው ተረት ውስጥ አልጋው ላይ አርጅቶ የሞተ ሰው ትዝ አይለኝም፤ ወንድም ወንድሙን ገደል ይሰደዋል፣ እንጀራ እናት ጉድጓድ ውስጥ ትወረወራለች፣ ንጉሥ አማቹን ከነነፍሱ ያስቀብራል። ተራኪው ግን ዶሮ ሲታረድ ፊታቸውን የሚያዞሩ፣ ቀኑን ሙሉ እርጥብ ቆዳ ላይ ጨው ሲነሰንሱ የሚውሉ፣ ጣታቸው በጨው የተሰነጣጠቀ ሽማግሌ ነበሩ። የባሕር ዛፉ ጭስ ከቆዳው ሽታ ጋር ተደባልቆ ዓይናችንን ያቃጥለናል፤ በሩ ላይ የተንጠለጠለው ፋኖስ የእሳቸውን ጥላ ግድግዳው ላይ ያገዝፈዋል፤ የሚገደለው ሰው ዘንድ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ፍሙን በእንጨት ይቆሰቁሱታል። ያኔ ፍንጣሪው ብድግ ሲል ደም የተረጨ ይመስለኝ ነበር።

እኔ አንድ ድክመት ነበረብኝ። ተረት እስከ መጨረሻው ሰምቼ አላውቅም። ነገሩ ሲከር እንቅልፍ ይጥለኝና ራሴ አያ ይመር ጉልበት ላይ ይወድቃል፤ እናቴ መጥታ አቅፋ ታስገባኛለች። በማግስቱ፣ «መጨረሻውስ አያ?» ስላቸው፣

«መጨረሻውንማ ለነቃ ሰው ነገርኩት። ወላሂ አልደግምም፣ አንቺ እንቅልፋም!» ይሉኛል።

የመጋዘኑ ጎን የእናቴ ጓሮ ነበር። ጎመን፣ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት መካከል፣ አንዲት መደብ ለብቻዋ በድንጋይ ታጥራ ነበር። እዚያ የተቀበሩት ዘጠኝ አኮር የሚባሉ፣ ሽንኩርት የሚመስሉ ሥሮች ናቸው። ከእኔ በኋላ የተወለደው ወንድሜ ደሴ ሆስፒታል ውስጥ በሦስት ቀኑ ሲሞት፣ አንዲት የውጭ አገር ነርስ እናቴ አልቅሳ አልወጣላት ሲል አይታ በመሐረብ ቋጥራ የሰጠቻት ናቸው። በአስተርጓሚ፣ «አበባ ነው። አንገቱን አትቅበሪው፣ ከአፈር በላይ ተይው» ብላታለች። እናቴ ልጇን ይዛ ሄዳ ያንን ቋጠሮ ይዛ ተመለሰች።

ግን የመካነ ሰላምን ውርጭ የምታውቅ ሴት እንዴት አንገቱን ራቁቱን ትተወው? ቀበረችው። ሽንኩርት የሚተክል ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው አፈር አለበሰችው፣ ፍግ አለበሰችው፣ በበጋ ማታ ማታ ውኃ አጠጣችው፣ ተጠጋግቶ ሲበቅልም ቆፍራ አራርቃ ተከለችው። ሦስት ዓመት ሙሉ ቅጠል ብቻ ሰጣት። ጎረቤቶች በአጥሩ ላይ እያዩ ይስቁባት ነበር።

«አንቺ፣ የጅብ ሽንኩርት ደግሞ ጓሮ ይተከላል እንዴ? ዱሩ ሞልቶት!»

«የጅብ ሽንኩርት አይደለም። አበባ ነው።»

«የታለ አበባው?»

በእርግጥም ቅጠሉም ሥሩም በየገደላገደሉ የሚበቅለውን፣ ከብት እንኳ ዞር ብሎ የሚያልፈውን የጅብ ሽንኩርት ይመስል ነበር።

አባቴ ክፉ ሰው ነበር። ይህን ለማለት ስድሳ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ከዚያ በፊት «ቁጡ ነበር» እል ነበር። ያኔ ግን የሚያስፈራኝን ያህል እንዲስቅልኝ እፈልግ ነበር። እራት ላይ ደስ ሲለው ወደ እኔ ዞር ይልና፣ «እሺ፣ ዛሬ አያ ይመር ማንን ገደሉ?» ይለኛል። ከቤቱ ሰው ሁሉ እኔን ብቻ የሚያናግርበት ሰዓት ያ ነበር።

በመስከረም መጀመሪያ ገደማ አንድ ማታ አያ ይመር ስለ አንድ ክፉ ባል ነገሩን። ሚስቱን በጅራፍ ይገርፋታል፣ በጾም ጦሟን ያሳድራታል፣ በበዓል ደጅ ያሳድራታል። አንድ ቀን ሚስትየው ዱር ወርዳ የጅብ ሽንኩርት ትቆፍራለች። ከሌላው ሽንኩርት ጋር ደባልቃ ትከትፈዋለች። ወጡን አጣፍጣ ትሠራለች። መሶቡን ታቀርባለች። ባልየው እጁን ይታጠባል… እኔ እዚያ ላይ ተኛሁ።

በማግስቱ እራት ላይ አባቴ ጠየቀኝ። ሁሉንም ነገርኩት። መሶቡ ቀርቦ ባልየው እጁን የታጠበበት ላይ ስደርስ ቀሪውን እንደማላውቅ ትዝ አለኝ፤ አባቴ ግን መጉረሱን አቁሞ በጉጉት እያየኝ ነበር። መጨረሻውን ራሴ ሠራሁለት። «በላና ሞተ» አልኩት። አልሳቀም። እንዲስቅ ፈልጌ ጨመርኩበት፣ «የእኛም ጓሮ አለ እኮ፣ እማዬ ተክላዋለች።»

እናቴ ጓዳ ነበረች። አባቴ እጁን ከሳህኑ ላይ አነሳ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ መቅመስ የሚባል ነገር መጣ። ጠላ የምትቀዳ ሴት ከመዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀምሳ ማቅረቧ የአገሩ ደንብ ነው፤ ማንም አይቀየምበትም። የአባቴ ግን ሌላ ነበር። ከእያንዳንዱ ወጥ፣ ከእያንዳንዱ ብርጭቆ፣ እፊቱ ቆማ ትጎርስ፣ ትውጥ፣ አፏን ከፍታ ታሳይ ነበር። ለምን እንደሆነ አልነገራትም። እሷም አልጠየቀችም። እኔ ዓይኔን እንጀራው ላይ ተክዬ እቀመጥ ነበር።

የጽጌ ጾም ገባ። አባቴ በፈቃድ የሚጾም ጾም አያውቅም፤ እናቴ ግን ለሞተው ልጇ ትጾመው ነበር። አንድ ማታ ሥጋ ወጥ አቀረበችለት።

«ቅመሺ።»

«ጾም ላይ ነኝ፣ ጌታዬ። ያውቁ የለም እንዴ?»

«ቅመሺ ብያለሁ።»

«ለልጄ ነው የምጾመው። ከሌላው ሁሉ ቀምሻለሁ፣ ይህን ይተዉልኝ።»

አባቴ ምክንያቷን አልሰማም። የሰማው እምቢታዋን ነው። ተነስቶ ከበሩ ጀርባ የቆዳ መወጠሪያውን እንጨት አነሳ። ዝርዝሩን መጻፍ እችላለሁ፤ እያንዳንዷን ምት ቆጥሬአታለሁ። ግን ሰው ሲደበደብ ማንበብ የሚጣፍጣቸው አንባቢዎች እንዳሉ ስለማውቅ አንዱን ብቻ እጽፋለሁ፦ ፊቷን ለመከለል ቀኝ እጇን ስታነሳ፣ ክንዷ ደረቅ ማገዶ ሲሰበር የሚያሰማውን ድምፅ አሰማ። ወጡ መሬት ላይ ፈሰሰ። ድመቷ መጥታ ላሰችው፤ አልሞተችም። አባቴ ድመቷን አላየም፤ እኔ አየሁ።

ከዚያ መቆፈሪያ ይዞ ወጣ። «የይመርን ተረት ልትሠራብኝ!» እያለ መደቧን ገለበጣት። አኮሮቹን ከነአፈራቸው እየመዘዘ አጥሩን አሻግሮ፣ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የሚጠብሰው የድንጋይ ካብ ላይ ወረወራቸው። አያ ይመር ጩኸት ሰምተው ከመጋዘኑ እየሮጡ መጡ።

«ተረት እኮ ነው ጌታዬ! ሱብሃነላህ፣ ተረት ነው! በተረት ሰው ይሰበራል?»

አባቴ ሽማግሌውን በጥፊ መታቸው። ጥምጣማቸው ተፈትቶ አፈር ላይ ተዘረጋ። አጎንብሰው አነሱት፣ አራገፉት፣ አጣጥፈው በብብታቸው ያዙት፣ ወጡ። ተመልሰው አልመጡም። ፍሙም ከዚያ ወዲያ አልነደደም።

ወጌሻው የእናቴን ክንድ አጣሞ ጠገነው። በግራ እጇ ማብሰል፣ በግራ እጇ መቅመስ ለመደች። እኔ የሠራሁትን ለማንም አልተናገርኩም። ዓመቱን ሙሉ እናቴ ባየችኝ ቁጥር «አወቀች» እያልኩ ከፊቷ ዞር እል ነበር፤ ፀጉሬን ስትሠራኝ እንኳ፣ ጣቶቿ አንገቴ ላይ ሲያርፉ፣ አሁን ታንቀኛለች ብዬ እጠብቅ ነበር። እሷ ግን ሠርታ ትለቀኛለች።

በጋው አለፈ፣ ክረምቱ አለፈ። ጥቅምት ላይ አንድ ጠዋት እሳት ልጭር ወደ ጎረቤት ስወጣ ካቡ ላይ አየኋቸው። ቅጠል የላቸውም። ከድንጋዩ ስንጣቂ ውስጥ፣ የሥሮቹ አንገት ሁሉ ራቁቱን ወጥቶ፣ እርስ በርስ ተጨናንቀው፣ ቀጥ ያሉ ባዶ ዘንጎች ቆመዋል፤ በየዘንጉ ጫፍ ላይ ደማቅ ሮዝ አበባ፣ የአበባው ቅጠሎች ወደ ኋላ ተጠቅልለው፣ ፀሐይ ሲያርፍበት የወርቅ ብናኝ የተነሰነሰበት ይመስላል። እናቴን ጠራኋት። መጥታ አየች። ጠማማ ክንዷን በግራ እጇ ደግፋ ቆመች፤ አልዳሰሰቻቸውም።

ያን ቀን ከወግዲ ሦስት ቆዳ ነጋዴዎች መጡ። ሲገቡ አበባውን አይተው ተደንቀው ኖሮ ምሳ ላይ ወሬው ሁሉ ያ ሆነ። አባቴ ደስ አለው።

«ሦስት ዓመት ስታጠባው ከርማ እምቢ አላት!» አለ እየሳቀ። «እኔ አንድ ቀን አንገቱን ይዤ ድንጋይ ላይ ፈጠፈጥኩት። ይኸው! የኔ እጅ ነው ያፈካው።»

«እንዲያ ነው እንጂ! ሴትም ብትሆን እንዲሁ ናት» አለ ከነጋዴዎቹ አንዱ፣ አፉ እንደሞላ።

ሳቁ። እናቴ የውኃ ማሰሮ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ማሰሮውን አስቀመጠች። ማጭድ አነሳችና ወጣች። ስትመለስ አበቦቹን በሙሉ፣ አንዱንም ሳታስቀር፣ አጭዳ በጠማማው ክንዷ አቅፋ ነበር፤ ከተቆረጠው ዘንግ የሚያጣብቅ ውኃ ቀሚሷ ላይ ይንጠባጠባል። ወደ መሶቡ ሄደች። በወጡ፣ በእንጀራው፣ በሰዎቹ እጅ ላይ ዘረገፈችው።

«እዚህ ቤት ሳይቀመስ አይቀርብም» አለች። አንዱን አበባ ቀንጥሳ አፏ ውስጥ ከተተች፣ አኘከችው፣ ዋጠችው፣ አፏን ከፍታ አሳየችው። «እኔ ቀመስኩ። አንተ አይደለህ ያፈካኸው? ቅመስ።»

አባቴን በሕይወቷ አንተ ብላው አታውቅም። ሳቁ ቆመ። ያ አፉ የሞላው ሰውዬ የጎረሰውን መሬት ላይ ተፋ። አባቴ ተነሳ፣ እጁን አነሳ፤ ከእንግዶቹ ሽማግሌው ክንዱን ያዘው።

«ተው! እንጀራ ፊት ነው። ወይ ቅመስላት፣ ወይ ተቀመጥ።»

አባቴ አበባውን አየ። እናቴን አየ። አልቀመሰም። ተቀመጠ።

እናቴ ነጠላዋንና እኔን ይዛ ወጣች። ወደ ከላላ፣ ወንድሟ ዘንድ፣ በእግር። ከከተማው እንደወጣን መንገድ ዳር ተንበርክካ አስመለሳት፤ ሆዷ እስኪገለበጥ፣ ቢጫ ውኃ ብቻ እስኪቀር። የምትሞት መስሎኝ ጮህኩ። አፏን በነጠላዋ ጠርጋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና፣ ትንፋሿ ሲመለስ፣ ሳታየኝ ማውራት ጀመረች።

«ባልየው እጁን ታጠበ። ‹ቀድመሽ ቅመሺ› አላት። ሚስትየው ዓይኗን ሳታርገበግብ ቀመሰች፣ አንድ ጉርሻ፣ ሁለት ጉርሻ። እሱም አምኖ በላ። ሁለቱም ሞቱ። ጅብ መጣ፣ ሁለቱንም በላ፣ እደጃፉ ላይ እሱም ሞተ።»

እንደገና የታመመች መሰለኝ። ከዚያ ግን ገባኝ። ለአባቴ የነገርኩት እኔ እንደሆንኩ ዓመቱን ሙሉ ታውቅ ነበር።

«ከዚያስ?» አልኳት።

«ከዚያማ ልጃቸው ቀረች።»

«ልጅ ነበረቻቸው?»

«ነበረቻቸው። ተኝታ ነበር።»

ተነሳችና እጄን ያዘች፤ መንገዳችንን ቀጠልን።

አሁን የምኖረው ኬፕታውን ነው፤ ለምን እዚህ እንደደረስኩ ረጅምና አሰልቺ ታሪክ ነው። ይህ አበባ የዚህ አገር ተራራ ልጅ መሆኑን፣ ስሙም ኔሪን መሆኑን ያወቅሁት በእርጅናዬ፣ ከጎረቤቴ አጥር ሥር አይቼው ምንነቱን ስጠይቅ ነው። ለእሱ አገሩ ነው፤ ለእኔ አይደለም። በጠባብ ማሰሮ አጨናንቄ ተክዬዋለሁ፣ አንገቱን ከአፈር አውጥቼ፤ ፍግ አልሰጠውም፣ ሲያንቀላፋ ውኃ አላሳየውም፣ ቦታውን አልነቀንቅበትም። በየዓመቱ ያብባል።

ብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ፤ በአብዛኞቹ ውስጥ የተደበደበች ሴት መጨረሻ ላይ ታብባለች። ይህን የሚጽፉ ሰዎች ከወግዲው ነጋዴ በምን እንደሚሻሉ አላውቅም። አኮሩ ደረቅ ድንጋይና ፀሐይ ፈልጎ ነበር፤ ዱላ አልፈለገም። ከዘጠኙ ሦስቱ ካቡ ላይ ተሰንጥቀው በስብሰው ቀርተዋል፤ ስለ እነሱ አባቴም ለእንግዶቹ አላወራም። የእናቴ ክንድ እስክትቀበር ድረስ አልተቃናም።

አንድ ነገር ብቻ እስከዛሬ አላወቅሁም፦ ያቺ የተኛች ልጅ ከመጀመሪያውም በአያ ይመር ተረት ውስጥ ነበረች ወይስ እናቴ ናት መንገድ ላይ የጨመረቻት? አያ ይመርን ደግሜ አላየኋቸውም፤ እናቴን ለመጠየቅ ሠላሳ ዓመት ጊዜ ነበረኝ፣ አልደፈርኩም። ዘንጎቹ ራቁታቸውን ሲወጡ ግን ወንበሬን አጠገባቸው አድርጌ እቀመጣለሁ፣ ከእንቡጥ እስከ ርግፍ። ያቺ ልጅ በመጨረሻ ነቅታለች። መጨረሻውን የሚነግራት ሰው ነው ያጣችው።