የሸኽ ይመር ዝምታ

ባለፈው ጁምዓ የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት ሳርም፣ ቀይ እስክሪብቶ ፍለጋ መሳቢያዬን ብከፍት የሞተር ዘይት ሸተተኝ። መካ፣ ጀርወል ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ የሞተር ዘይት ከየት ይመጣል? ከሸኽ ይመር ኪታብ ነዋ። ቀጭን የእምነት ትምህርት መጽሐፍ ናት፤ ጠርዟ ሁሉ በአውራ ጣታቸው ጥቁር አሻራ ተሞልቷል፤ ይህን ሁሉ ዓመት ተቀምጣ ሽታዋን አልለቀቀችም። ሃምሳ ሴቶች አንዱን ስህተት ቃል በቃል ተኮራርጀው የጻፉበትን ወረቀት ወዲያ ገፋሁና እሷኑ አወጣኋት።

ሸኽ ይመር ወሎ ሳሉ ደረሳው፣ የሃይማኖት ተማሪው፣ ከየአገሩ የሚጎርፍላቸው አስተማሪ ነበሩ አሉ። ጅዳ ላይ ግን ፔትሮሚን በሚባለው የጋራዥ ሰፈር ውስጥ ጋራዥ ለጋራዥ እየዞሩ የመኪና ዕቃ በናፍጣ ያጥባሉ፤ ጁምዓ ከሰላት በኋላ ደግሞ ከጋራዡ ጀርባ ባለችው ክፍላቸው እኛን ልጆቹን ኪታብ ያስቀራሉ። እናቴ የሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ በሳምንት ያላትን አንዲት የዕረፍት ግማሽ ቀን እኔን እዚያ አድርሳ ለመመለስ ታውለዋለች። የጎረቤት ልጆች ካርቱን እያዩ እኔ በዚያ ሙቀት ናፍጣ ናፍጣ በሚሸት ምንጣፍ ላይ ተቆራምጄ ስቀመጥ ንድድ ይለኝ ነበር።

ደግሞ አስተማሪነታቸው! ስሳሳት አያርሙኝም፣ አይቆጡኝም፤ ዓይናቸውን በሚንገጫገጨው ማራገቢያ ላይ ተክለው ስህተቴን ራሴ ፈልጌ እስካገኝ ድረስ ዝም ይላሉ። አልቅሼም አይተዉኝም፣ ተኮሳትሬም አይተዉኝም። ጨርሶ ካጣሁት «በይ ልጄ፣ ከቢስሚላህ» ብለው ወደ ምዕራፉ መጀመሪያ ይመልሱኛል። አንድ ገጽ ላይ ወር ሙሉ የከረምንበት ጊዜ አለ። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ በዚያ ዝምታ ውስጥ ታንኮራፋለች፤ ከሳምንት እስከ ሳምንት ደህና እንቅልፍ የምታገኘው እዚያ ብቻ እንደነበር የገባኝ እኔም እናት ከሆንኩ በኋላ ነው።

ኪታቡን እስከ መጨረሻው ብቀራላቸው ኢጃዛ ይሰጡኝ ነበር፤ ሌላውን ሰው እንዳስተምር ፈቃዳቸውን ማለት ነው። ሦስት ገጽ ሲቀረን ኢቃማቸው፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ ማብቃቱ ተደርሶበት ተያዙ፤ ሹመይሲ እስር ቤት ታስረው ሰነበቱና ወደ አገር ተሸኙ። ኪታቡ ለማጥናት ወስጄው እኔ ጋ ቀረ።

ከዓመታት በኋላ ስልኬን ከሰው አፈላልገው ደወሉ። የእኔንና የእናቴን ደህንነት ከጠየቁ በኋላ «ሦስቱን ገጽ መቼ ነው የምንጨርስ?» አሉኝ። እሳቸው በቃላቸው ያውቁታል፤ ከእኔ የሚጠበቀው ማንበብ ብቻ ነበር። እኔ ግን ዶክተር ሆኛለሁ፤ ያንኑ ኪታብ ያለ ፈቃዳቸው ኮሌጅ ውስጥ አስተምራለሁ፤ ስብሰባው፣ እርማቱ ፋታ አይሰጠኝም። «ወላሂ አባባ፣ ፈተና ላይ ነኝ፤ የሚቀጥለው ጁምዓ ኢንሻአላህ» አልኳቸው። በየወሩ ደወሉ፤ እኔም በየወሩ ያንኑ መለስኩ። እኚህ ሰውዬ ሌላ ሥራ የላቸውም እንዴ እያልኩ አንዴማ ሲጠራ አይቼ ዘጋሁባቸው። ባለፈው ረመዳን በእሳቸው ቁጥር የደወለው ልጃቸው ነበር፤ ከተቀበሩ ሳምንት አልፏቸዋል።

ይህን እያሰብኩ ሂክማ ደወለች። ጅዳ ተወልዳ ያደገች የአገሬ ልጅ ናት፤ ከተማሪዎቼ ሁሉ ጎበዟም እሷ ናት። ጁምዓ ጁምዓ ቤቴ እየመጣች ይህንኑ ኪታብ ልታነብልኝ ተስማምተን ነበር።

«ዶክቶራ፣ ወላሂ ፈተና ላይ ነኝ፤ የሚቀጥለው ጁምዓ ኢንሻአላህ።»

ልቆጣት ፈለግሁ። በምን አፌ? ስህተቷን ራሷ ፈልጋ እስክታገኘው ብዬ እንደ ሸኽ ይመር ዝም አልኩ።

«ሀሎ? ዶክቶራ? ይሰማዎታል? ኡፍ፣ ይሄ ሸበካ!» አለችና ኔትወርኩን እየረገመች ዘጋችው።

በራሴም በእሷም ተናድጄ ኪታቡን ገለጥኩና ሦስቱን ገጽ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ሁለተኛው ገጽ መሃል ላይ የተሳሳትኩ መሰለኝ። ቆም ብዬ ብዙ ጠበቅሁ። «በይ ልጄ፣ ከቢስሚላህ» የሚለኝ አልነበረም።