«ተፈታ» ያሉ ቀን

በመጀመሪያው ቀን የሰጡኝ ጣት የምታህል አራት ማዕዘን ብልቃጥ ነበረች። ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ቤተ ሙከራ ዕቃ አጣቢ ሆኜ ተቀጥሬ ነው። የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ማጠብን ግን ማን ያስተምረኛል ብዬ አጠብኳትና በነጠላዬ ጫፍ ወልውዬ አቀረብኩ።

ቴክኒሻኗ ስንታየሁ ንጹሕ ውኃ ሞልታ ማሽኑ ውስጥ ከተተቻት። «ዶክተር፣ ይምጡ እስቲ! ባዶ ውኃ ያበራል!»

ዶክተር ጀማል ብልቃጧን አዩ፣ ነጠላዬን አዩ። «እትዬ ዘነቡ፣ ነጠላዎን በምን ያጥቡታል?»

«በዱቄት ሳሙና ነዋ፣ እንዲነጣ።»

«የሚያነጣው ነገር ነው የሚያበራው።»

«በቃ፣ ነጠላዋም ምርምር ገባ!» አለች ስንታየሁ። አፈርኩ።

ብልቃጧ ኳርትዝ ከሚባል መስተዋት መሰል ድንጋይ የተሠራች ናት። አራቱም ጎኗ ጥርት ያለ ነው። ብርሃን በአንዱ ጎን ይገባል፣ የሚወጣውን ማሽኑ በሌላው ጎን ያያል። ስለዚህ በአፏ ጠርዝ ብቻ ትያዛለች። የጣት ወዝ ያበራል፣ የሳሙና ትራፊም ያበራል። በተጣራ ውኃ ደጋግሞ ማለቅለቅ፣ ደፍቶ ማድረቅ። ሥራዬ ይኸው ነበር።

ምን እንደሚያዩ አንድ ቀን ዶክተሩን ጠየቅኳቸው። «ፕሮቲን የራሱ ብርሃን አለው» አሉኝ። «ቀለም አንጨምርበትም። ዓይን የማያየውን ብርሃን ስንልክበት እሱ ሌላ ብርሃን ይመልሳል። እንደ ክር ድውር ተጠቅልሎ ሳለ ብርሃኑ አንድ ዓይነት ነው፤ ሲፈታ ይለወጣል። ሌላ ነገር ሲጣበቅበት ደግሞ የሚደበዝዝበት ጊዜ አለ። እሱን ሳናይ መልኩን በብርሃኑ እናውቃለን።»

ከዓመታት በኋላ የጓያ ሥራ መጣ። ስሙን ስሰማ የያዝኩትን ብልቃጥ አስቀመጥኩ።

ባሌና ልጆቼ ደብረ ኤልያስ በኩል ገጠር ናቸው። በረዶ እህሉን በመታው ዓመት የቀረልን ጓያ ብቻ ነበር። ሽሮውም፣ ቂጣውም፣ ንፍሮውም እሱ ሆነ። ትልቋ ልጄ ፈንታዬ እግሯ ታሰረ። ተረከዟ መሬት አልነካ አለ፤ በጣቷ ጫፍ፣ በበትር ሆነ አካሄዷ።

ዶክተሩ ከጓያ ዱቄት ፕሮቲን አውጥተው ቀስ በቀስ ያሞቁት ጀመር። እኔ ብልቃጥ ሳቀብል ስንታየሁ ከማሽኑ ፊት ብድግ አለች።

«ተፈታ! ዶክተር፣ ሙሉ በሙሉ ተፈታ!»

«አየሁት፣ ተፈታ» አሉና አጨበጨቡ።

እኔ ምን ልስማ? የጓያ ነገር ተፈታ። የታሰረ ሊፈታ ነው። ማንንም ሳልጠይቅ ወጥቼ ለባሌ ደወልኩ።

«ልጅቷን አምጣት።»

«ምን ተገኘ?»

«ተፈቷል።»

እስከ አስፋልቱ በበቅሎ፣ ከዚያ በሚኒባስ አመጣት። ፈንታዬ አዲስ ቀሚሷን ለብሳለች። በሩ ላይ በትሯን ተደግፋ ማሽኑን አየችው።

«እማ፣ እዚህ ሳጥን ውስጥ ነው የምትከቺኝ? እግሬ ብቻ የሚገባ ይመስለኛል።»

ስንታየሁ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ያን ያህል አምኜ ነበር።

ዶክተሩ አልሳቁም። «እትዬ ዘነቡ፣ ለምን አመጧት?»

«ተፈታ አላላችሁም?»

ወንበር ስበው ፈንታዬን አስቀመጧት። ቀስ ብለው ነገሩኝ። «የተፈታው ፕሮቲኑ ነው፤ ጥቅልሉ ነው የተፈታ። እግር የሚያስረው ጓያው ውስጥ ያለ ሌላ ነገር ነው። እሱ ፕሮቲን አይደለም፤ በዚህ ብርሃን አይታይም።»

«የታሰረውን የሚፈታውስ?»

«ነርቯ ነው የተጎዳው። መድኃኒት አልተገኘለትም። እንዳይብስባት ከእንግዲህ ጓያ አትብላ።»

«እናንተ ዘንድ ከሌለ የት ልሂድ?»

ስንታየሁ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ፈንታዬ በትሯን አንስታ ቆመች። «እማ፣ እንሂድ። ቀሚሴን አየሽልኝ አይደል?»

አባቷ ወደሚጠብቅበት መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። መንገዱን ሁሉ ከኋላዋ ነው የሄድኩት፤ ፊቴን እንዳታይ። በማግስቱ ገብቼ ብልቃጦቼን አጠብኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ትንሿ ልጄ አሁንም ገጠር ናት። ዘንድሮም ዝናቡ ቶሎ ተቋረጠ። ባሌ «እዚህ ጥቁር አፈር ላይ ሌላ ምን ይበቅልልኛል?» ብሎ ጓያ ዘራ። ለምኜዋለሁ፤ ምትኩን ግን እኔም የለኝም። ቤት በሄድኩ ቁጥር ልጅቷን ውኃ አምጪ እላትና ከኋላዋ ተረከዟን አያለሁ። እስካሁን መሬት ይነካል።

በእኔ ቦታ ለምትገቡ የምለው ይህን ነው። ብልቃጧን በአፏ ጠርዝ ያዙ፣ በጨርቅ አትወልውሏት። እዚያ ክፍል ውስጥ «ተፈታ» ሲባል የተፈታው ብልቃጧ ውስጥ ያለው ብቻ ነው።