«ገቡ» ብላ የጻፈችው ኤፊ

ማስታወቂያውን ያወጣነው እኔና ናኢማ ነን። ስለ ሴቶች መብት የምንጽፍበት የጋራ ብሎግ አለን፤ ድረ ገጹን የምታስተዳድርና ዓምድ የምትጽፍ በጎ ፈቃደኛ እንፈልጋለን፤ ደመወዝ የለውም። አሰላ ውስጥ ደመወዝ የለውም ብሎ ሰው መጥራት ድፍረት ነው። መጀመሪያ የመለሰልን ይበልጣል የሚባል ሰው ሲሆን፣ ሴቶች እንዴት መጻፍ እንዳለባቸው ሊያስተምረን ፈቃደኛ ነበር። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የምትለዋንም አልረሳትም። አመስግነን ተውነው።

ቀጥላ የመጣችው ኤፊ ናት። በልጅነቷ ከጢቾ ለትምህርት መጥታ አጎቷ ጋሽ እንደሻው ቤት ያደገች፣ አሁን ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። የተበላሸውን ድረ ገጻችንን ነግረናት ሳንጨርስ አስተካከለችው። ዓምዱን ግን የተቀበለችው ስሟ እንዳይወጣ አስምላን ነው። «እዚያው ቤት ነው የምኖረው። ካስወጡኝ መሄጃ የለኝም» አለችን።

መጀመሪያ ስለ ትምህርት ቤት መጸዳጃ፣ ስለ ባጃጅ ሾፌሮች ለከፋ ጻፈች። ብዕሯ ተናካሽ ነው፤ ስናነብ እንስቃለን። ከዚያ ዘመድ ቤት ሆና ስለምትማር የገጠር ልጅ አንድ ጽሑፍ ላከችልኝ። «ቤቱ ሰው ሲያጣ ገቡ። በሩን ዘጉ። አትጩኺ አሉኝ።»

ደሜ ፈላ። የሰፈር ጎረምሶች ሰብረው የገቡ መሰለኝና ደወልኩላት።

«ስንት ነበሩ?»

«አንድ ናቸው» አለች።

ለካ ያንን ያደረጋትን ሰው አንቱ እያለች ነው የጻፈችው። አለቀስኩ። ለቅሶዬ ሲወጣልኝ ፈራሁላት፤ «ገቡ» ካለች የቤቱ ትልቅ ሰው መሆናቸውን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ድረስ ሄጄ «ገባ በዪው፤ ያኔ የትኛውም ጎረምሳ ይሆናል፤ አንቺም ትተርፊያለሽ» አልኳት።

ሞከረች። አጠገቧ ተቀምጬ እያየኋት «ገባ» ትልና መልሳ ታጠፋዋለች።

«ይህን ሁሉ አድርገውሽም ታከብሪያቸዋለሽ?» አልኳት።

«አላከብራቸውም። ግን ገባ ካልኩ ሌላ ሰው ነው የሚሆነው። የገቡት እሳቸው ናቸው።»

የይለፍ ቃሉ ያለው እሷ ጋ ነው። እንደጻፈችው አወጣችው፤ እኔም አልከለከልኳትም።

ስሟ ባይኖርበትም አገር አወቀው። ጋሽ እንደሻውን ግን ቀና ብሎ ያየ የለም፤ በዕድሩ ስብሰባ እንደ ወትሮው ፊት ተቀመጡ። የእኛ ሰው ይታዘባል እንጂ አይናገርም፤ በዚህ ጸባዩ አንጀቴ ያርራል። የኤፊን ሻንጣ ደጅ ያወጡት የአጎቷ ሚስት እትዬ አሰፋች ናቸው። እኔና ናኢማ ልንወስዳት ባጃጅ ይዘን ሄድን። ውሸታም ብለው ይሰድቧታል ብለን ስንጠብቅ፣ ውሸታም አላሏትም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የቻልኩት፣ አንቺን ምነው አቃተሽ?» አሏት።