የተነቀሰ ድዴና የማይቀንሰው ክብደቴ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ ሰው ፊት ማውራትም ያስፈራኛል። ግን ስለ ድዴ ያወቅኩትን ካወቅኩ ወዲህ ዝም ማለት አቃተኝ። ባቡር ውስጥ አንዲት ያገሬ ልጅ አፏን በእጇ ሸፍና ስትስቅ ባየሁ ቁጥር አጠገቧ ሄጄ ሁሉንም ልነግራት ያምረኛል። ከዚያ አፍሬ እተወዋለሁ። ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ ያየሁት ደም ነው። ስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ አጠገብ ባለችው ዲቲኮን፣ ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ጥርሴን ስቦርሽ የተፋሁት ውኃ ሮዝ ሆነ። አላመመኝም። በማግስቱም እንደዚያው ነበር። ብሩሹ የጎዳኝ መስሎኝ ለስላሳ ገዛሁ። ደሙ ሲቀጥል ብሩሹን ትቼ በጨው ውኃ መጉመጥመጥ ያዝኩ። ደሙ ቀነሰ፤ ደስ አለኝ። የቀነሰው ግን ስላልነካሁት ብቻ ነበር።

በመስታወት አይቻለሁ፣ የቀላ ነገር አልነበረም። ያደግኩት ወልድያ አካባቢ ነው፤ በልጅነቴ ድዴን ተነቅሻለሁ። እኛ ጋ ድድ የሚነቀሰው ለውበት ብቻ ሳይሆን የሚደማ ድድ ያጠነክራል ተብሎም ነው። የሌላ ሰው ድድ ሲታመም ይቀላል። የኔ ግን ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነው፤ ቢቀላም ከቀለሙ ሥር ሆኖ ማን ያየዋል?

በዚያው ጊዜ እየወፈርኩ ነበር። የምሠራው ዕቃ በሚታሸግበት መጋዘን፣ እዚህ ላገር በሚሉት ቦታ ነው። የሥራ ሱሪዬ ጠበበኝ፣ ሰፊ ጠይቄ ወሰድኩ፣ እሱም ጠበበኝ። እናቴ በቪዲዮ ስታየኝ «ፊትሽ ሞላ፣ ተመችቶሻል» ብላ ጎረቤት ትጠራ ነበር። እሷ ደስ ሲላት እኔ ምን ልበል? ጠንካራ ነገር ማኘክ እያመመኝ ስለነበር ቀኑን ሙሉ የምበላው ነጭ ዳቦ በስኳር ሻይ፣ ፓስታና ጣፋጭ እርጎ ነበር። ይህንን ለማንም አልነገርኩም።

የሰፈሬ ሐኪም ደሜን መርምሮ ስኳርሽ ድንበሩ ላይ ደርሷል፣ ተራመጂ፣ ጣፋጭ ቀንሺ አለኝ። «ሌላ የሚያስቸግርሽ ነገር አለ?» ብሎም ጠየቀኝ። የለም አልኩት። ድድ የጥርስ ሐኪም ነገር ነው ብዬ ነው። ደግሞም አፌ መሽተት ስለጀመረ ጠጋ ብዬ ማውራት አልፈለግኩም። እየተራመድኩ እንኳ ክብደቴ አልቀነሰም።

የፊት ጥርሴ ዳቦ ስገምጥ ላላ ብሎ የከዳኝ ጊዜ ለእናቴ ነገርኳት። አላመነታችም። «የነቀሱሽ እማማ ዘነቡ እኮ እዚያው እናንተ አገር ናቸው፣ ልጃቸው ጄኔቭ ወስዳቸዋለች። ይድገሙሽ» አለችኝ። እኔም አመንኩ። ድድ ሲደማ ይነቀሳል፤ ከዚህ ሌላ የማውቀው አልነበረም። ሥራ በሌለኝ ቀን የጄኔቭ ባቡር ተሳፈርኩ፣ ከዚያም በአውቶቡስ ከከተማው ዳር ቬርኒየ፣ የሚኖሩበት ረጃጅም ሕንፃዎች ጋ ደረስኩ።

እማማ ዘነቡ አገጬን ይዘው ወደ መስኮቱ አዞሩኝ።

«ሥራዬ እስካሁን አለ» አሉ ደስ ብሏቸው። «አየሽ፣ ነጥብ አልለቀቀም።»

መርፌዎቹን ቀቅለው ነጭ ጨርቅ ላይ ደርድረዋቸዋል። ጣታቸውን በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው የላይኛውን ድዴን ጫን አሉት። ከዚያ ጨርቁን አዩ።

«ይሄ መግል ነው፣ ልጄ።»

የልጅ ልጃቸው ሳሮን ከትምህርት ገና መግባቷ ነበር። ጄኔቭ የተወለደች ናት፤ ክሊኒክ ውስጥ እየሠራች የጥርስ ሐኪም ረዳት ለመሆን ትማራለች። የስልኳን መብራት አብርታ አጎነበሰች።

«እማማ እባክሽ አትንኪ፣ ሲልቩፕሌ። ይሄ ጥርስ ቡዥ ያደርጋል።»

«ምን ያደርጋል?»

«ይንቀሳቀሳል። ይሄም። ይሄም።» የምትነካው የፊቶቹን ነበር።

«አንቺ ገና ወንበር ጠራጊ ነሽ። ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የሆንሽብን?» አሏት አያቷ።

«ወንበር ስጠርግ አያለሁ። እኛ ጋ እንዲህ ሰው ብዙ ይመጣል፣ ፓሮዶንቲት ነው፣ የድድ በሽታ። እሷ ቀይ አይታይባትም፣ ያንቺ ቀለም ደበቀው።»

እማማ ዘነቡ የሚቆጡ መስሎኝ ፈራሁ። እሳቸው መርፌዎቹን አንድ በአንድ ወደ ጣሳው መለሱ።

«መግል ላይ ቀለም አልከትም። ሳሮን፣ ሐኪም ቤት ደውዪላት። እሷ ለመደወል ታፍራለች፣ ስነቅሳት እንኳ ለማልቀስ ያፈረች ልጅ ናት።»

ሳሮን በትምህርት ቤት ጀርመንኛዋ ዙሪክ ደውላ ቀጠሮ ያዘችልኝ። በመመለሻው ባቡር ምላሴን ከፊት ጥርሶቼ ጀርባ አድርጌ ገፋሁ። ተንቀሳቀሱ። ዕድሜዬ ሃያ አራት ነው። ወንበሩን ይዤ ተቀመጥኩ። ዳግመኛ አልነካኋቸውም።

ዙሪክ ያየችኝ ሐኪም ሴት ናት። እሳቸው ማለት አለብኝ፤ ትልቅ ሰው ናቸው። ሰማያዊውን ድዴን አይተው አልሳቁም፣ አልደነገጡም። «ቀለሙ ምንም አይነግረኝም፣ ስለዚህ እለካለሁ» አሉ። በቀጭን መለኪያ በጥርሴና በድዴ መካከል ያለውን ክፍተት ለኩ። ኪስ ይሉታል። ራጅ አነሱ። ጥርሱን የሚይዘው አጥንት ወርዷል።

«ከታች አንድ መንጋጋ ጥርስ ይነቀላል። የፊቶቹን ለማቆየት እንሞክራለን። ቃል አልገባልሽም።»

አለቀስኩ። ጠበቁኝ። ከዚያ የሞላሁትን ቅጽ እያዩ የስኳሬንና የክብደቴን ነገር ጠየቁኝ። መቼ መወፈር እንደጀመርኩ፣ ምን እንደምበላ። ዳቦና ሻዩን ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ነገርኩ። እሳቸው ወረቀት ሳቡና ሰው ሣሉ፤ ከአፉ ወደ ሆዱ ቀስት፣ ከሆዱ ወደ አፉ ሌላ ቀስት።

«የድድ ባክቴሪያዎች በሚደማው ቦታ በኩል ወደ ደም ይገባሉ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ሰውነት እነሱን ሲዋጋ ይቆጣል፤ ኤንትዙንዱንግ የምንለው ይሄ መቆጣት ነው። ሰውነት ለረጅም ጊዜ ሲቆጣ ኢንሱሊን ሥራውን በደንብ አይሠራም፣ ስኳር ከፍ ይላል። ውፍረትም በበኩሉ ሰውነትን ያስቆጣል፣ ድዱም ይብሳል። በዚያ ላይ ማኘክ ሲያቅትሽ ለስላሳና ጣፋጭ ትበያለሽ። ማን ማንን እንደሚቀድም ተመራማሪዎች ገና እያጠኑ ነው። ድድሽን ስላጸዳሁ ብቻ አትከሺም። ካልጸዳ ግን ሁሉም ነገር ይከብድሻል።»

ያን ወረቀት ለምኜ ወሰድኩት። ትራም ላይ ደጋግሜ አየሁት። የፊት ጥርሶቼ ነገር ገና አልታወቀም ነበር፣ እኔ ግን ልቤ በደስታ ይዘል ነበር። በአፌና በሱሪዬ መካከል መንገድ አለ ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረማ። ሰነፍ ስለሆንኩ፣ ሆዳም ስለሆንኩ ነው ብዬ ራሴን ስሰድብ ነበር የከረምኩት።

ሕክምናው ከባድ ነው። ማደንዘዣ ወጉኝ። ከድዴ ሥር የጠጠረውን ቆሻሻ ፋቁ። ድምፁ ጭንቅላቴ ውስጥ ነበር። አንድ ቀን ቀኙን፣ ሌላ ቀን ግራውን። መንጋጋዬ ተነቀለ። ደም ዋጥኩ። ቤት ገብቼ ተኛሁ።

ከዚያ የቤት ሥራዬ መጣ። በጥርስ መካከል የምትገባ ትንሽ ብሩሽ ሰጡኝና «ይደማል፣ አትፍሪ፣ አታቁሚ» አሉኝ። እኔ ደም አይቼ ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ አሁን ደም እያየሁ መቀጠል ነበረብኝ። ለብዙ ቀን ደማ፣ ከዚያ በጥቂቱ እየቀነሰ ሄዶ አንድ ጠዋት የተፋሁት ውኃ ንጹሕ ሆኖ ወረደ፤ ቧንቧውን ዘግቼ ሌላ ጠብታ እስኪመጣ ጠበቅኩ፣ አልመጣም። ሽታው ጠፋ። ማኘክ ስችል የገብስ ቆሎ በኪሴ ይዤ ወደ መጋዘኑ መሄድ ጀመርኩ፣ ምሳዬም ምስር፣ ጎመንና ጥሬ ካሮት ሆነ፤ ድሮም ክብደት ቀንሺ ሲሉኝ የነገሩኝ ምግብ እሱው ነበር፣ ጥርሴ ግን አይፈቅድልኝም ነበር። ከሥራ ስወጣ በወንዙ ዳር እየተራመድኩ፣ ሳይደክመኝ ካሰብኩት በላይ እየራቅኩ፣ ሱሪዬን በቀበቶ መያዝ እስኪያስፈልገኝ ደረስኩ። ቀጭን አይደለሁም። ግን የሰፈሬ ሐኪም ደሜን ደግሞ ሲመረምር ስኳሬ ከድንበሩ ወደ ታች ወርዷል። ምን እንደቀየርኩ ጠየቀኝ። ስለ ድዴ፣ ስለ ቆሎው፣ ስለ እግር ጉዞው ነገርኩት፤ በጀርመንኛ ያን ያህል ሳወራ የመጀመሪያዬ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈው።

ድዷ የተነቀሰ እህቴ፣ ለአንቺ ነው የምጽፈው። በቀለሙ አትተማመኚ፣ መቅላቱን ይደብቅብሻል። የምታይው ደሙን፣ ሽታውን፣ የሚላላውን ጥርስ ነው። ሲደማ መቦረሽ አታቁሚ፣ ደግመሽም አትነቀሺ፤ የጥርስ ሐኪም ጋ ሂጂ። ወፈርሽ ብለው ካስጨነቁሽ ወይም ስኳርሽ ከፍ ካለ ስለ ድድሽ ለሐኪምሽ ንገሪው፤ ለጥርስ ሐኪምሽም ስለ ስኳርሽ። የሁሉም ሰው ውፍረት ከድድ አይመጣም፣ እኔም እንደዚያ አልልም። መጠየቅ ግን አይጎዳም። ለመደወል ካፈርሽ የሚደውልልሽ ፈልጊ። እኔ ሳሮንን አገኘሁ፣ እግዜር ያክብራት። እማማ ዘነቡንም አመሰግናለሁ። አሁን ንቅሳት ፈልጎ የሚመጣ ሰው ካለ መጀመሪያ ወደ ሳሮን ነው የሚልኩት፤ «አለቃዬ ሆናለች» ይላሉ።

ባለፈው ሳምንት ዙሪክ ለመጨረሻው ምርመራ ሄድኩ። ዶክተሯ የፊት ጥርሶቼን በሁለት መሣሪያ ይዘው ወዲያና ወዲህ ገፉ። ወንበሩን ጨብጬ ነበር። አንዱን ገፉ። ቀጣዩን ገፉ። ጓንታቸውን አወለቁ።

«ቆመዋል» አሉኝ።

አመስግኜ ተነሣሁ። በሩ ጋ ስደርስ ከኋላዬ ጠሩኝ።

«ከሦስት ወር በኋላ ለጽዳት ነይ። ጥርሶችሽን በሙሉ ይዘሽ ነይ።»